የሕግ ትምህርት ቤት ደጅ፤ ከዳሞት በኩል ሲታይ

የፍሬሽማን ዓመት አልቆ የምርጫ ቅጽ በታደለን ዕለት ዶርማችን ውስጥ እንቅልፍ አልነበረም። ስምንት ሆነን በምንተኛባት ክፍል ስድስታችን በመጀመሪያ ምርጫ «ሕግ» ብለን ሞላን። ለምን እንደ ሞላን ግን አንዳችን ሌላውን አልጠየቅንም። አንዱን አባቱ «ሕግ ተማር» ብለውታል፤ አንዱ ሱፍ የለበሰ ጠበቃ በቴሌቪዥን አይቶ አምሮታል፤ እኔ ደግሞ የአያቴ ነገር ነበረብኝ። ከሳምንታት በኋላ ስማችን ሲለጠፍ ከስድስታችን ለሁለቱ ሕግ ደረሳቸው። ለእኔ ታሪክ ወጣልኝ። ታሪክን አሁን ወድጄዋለሁ፤ ቂም የለኝም። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ሁለቱ ሲገቡና አራታችን ስንመለስ የማናችንንም ድምፅ የሰማ ሰው አልነበረም። ሙግት የሚያስተምር ቤት ባለጉዳዩን ሳይሰማ ፈረደ ማለት ነው።

የታሪክ ተማሪ ሲከነክነው ወደ ኋላ መሄድ ነው እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል! ስለዚህ ይህች ጽሑፍ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን ከአመልካች ምን ይፈልጋል፣ ተማሪውስ ትምህርት ቤቱን በምን ይመርጣል የሚለውን ጥያቄ ይዛ ከእኛ አገር፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ በኩል ትመለከተዋለች።

አገሩን ለማታውቁ፤ ሽማግሎች ዛሬም ወጀት የሚሏት ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ ናት። የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ እሷ ናት። ቡሬ ከእሷ አለፍ ብላ፣ መንገዱ ወደ ነቀምት የሚገነጠልባት የበርበሬና የበቆሎ ገበያ ናት። በቀድሞው አጠራር አገሩ ሁሉ ዳሞት ይባላል። የዳሞት ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ያውቃል፤ ማረስና መሟገት።

አያቴ ጠበቃ አልነበሩም። ፊደል የቆጠሩትም ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ነገር ግን በአካባቢው ሰው ከሰው ጋር በመሬት ሲጣላ «እሳቸው ይጠሩ» ይባል ነበር። ለምን ቢባል ትውልድ መቁጠር ያውቁ ነበር። በእኛ አገር ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወረሳል። መሬት ይገባኛል የሚል ሰው መጀመሪያ አገሩን ያቀናውን ዋና አባት ይጠራል፤ ከዚያ በምንዝር አባቶች በኩል እየቆጠረ እስከ ራሱ ያወርዳል። አንድ ስም ከዘለለ ተረታ። ባላጋራው ደግሞ ያንኑ ቆጠራ በሌላ መስመር አምጥቶ ሊያፈርስበት ይቆማል። ለየወገኑ ፈጅ የሚባል ተጠሪ ነበረው፤ ድርሻ የሚጠይቅ ሰው ነገሩን ለእሱ ያቀርባል። ካልሆነም ዳኛ ዘንድ ይኬዳል፤ ከአጥቢያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ አንዳንዱም እስከ ደብረ ማርቆስ ስንቁን ይዞ በእግሩ።

ይህን የምለው ለአያቴ ስለማደላ ብቻ አይደለም። አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከእኛው አገር ደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጥንቷል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። ሆበን ያየው ነገር ቢኖር የዘር ሐረግ ለብቻው መሬት አያስገኝም። ሁሉም ሰው በብዙ መስመር የብዙ ዋና አባቶች ልጅ ነውና ጥያቄ ማቅረብ የማይችል የለም። ጥያቄውን ወደ ድርሻ የሚለውጠው የሰውየው ብልኀት፣ ተሰሚነት፣ የነገር አያያዝና ትዕግሥት ነበር። እንግዲህ ይኼ የሕግ ባለሙያ ጠባይ ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ነው?

የሙግቱም ሥርዓት የዋዛ አልነበረም። በላ ልበልሃ ሲባል ተሟጋቾቹ ፊት ለፊት ቆመው፣ አንዱ ጠያቂ አንዱ ተጠያቂ ሆኖ፣ ቃል በቃል እየተያያዙ ይሄዳሉ። አንዴ ያመኑት ነገር አይመለስም። ዋስ ይጠራል፤ ውርርድ ይገባል። ችሎቱን ከቦ የቆመው መንገደኛ ሳይቀር ማን እንዳመለጠና ማን እንደ ተያዘ ያውቃል። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ውሃ ይቆማል» የሚለው ሕዝብ ሕግን በወረቀት አይቶት አይደለም፤ በጆሮው ሰምቶት ነው።

በወረቀት ያለውን ሕግ የያዘችው ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ፍትሐ ነገሥት በመጻሕፍት ጉባኤ ቤት ከሊቃውንት መጻሕፍት ጋር በአንድምታ ይተረጎማል፤ ከዚያ ለመድረስ ደግሞ ንባቡን፣ ዜማውን፣ ቅኔውን ማለፍ ያስፈልጋል። ጎጃም በቅኔ የታወቀ አገር ነው፤ ከቅኔ ቤቶች ስማቸው ከሚጠራው ሁለቱ፣ ዋሸራና ጎንጅ፣ እዚሁ ጎጃም ናቸው። እዚህ ላይ ትምህርት ቤት መምረጥ ለሚለው ነገር አንድ የረሳነው ታሪክ አለ። የቆሎ ተማሪ ትምህርት ቤት አይመርጥም፤ መምህር ነው የሚመርጠው። የመምህሩን ዝና ሰምቶ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከትግሬም ከሸዋም ከወሎም ተነሥቶ ይመጣል። መምህሩም የሚያየው ወረቀት የለም። ያነጋግረዋል፤ የደረሰበትን ያስነብበዋል፤ ቅኔ ካለው ያስቆጥረዋል፤ ከዚያ ከእነ እገሌ ጋር ተቀመጥ ይለዋል። ካልበረታ ከጉባኤው ሳይባረር ከታች ይጀምራል። ተማሪው በበኩሉ መምህሩን ካልወደደው ይነሣና ይሄዳል። ችግሩ ብዙ ነበር፤ ረኀቡ፣ ውሻው፣ ተስቦው፤ ሴት ልጅም በዚያ ደጅ አታልፍም ነበር ማለት ይቻላል። የሚያማምር ተረት ላደርገው አልፈልግም። መራጩና ተመራጩ ግን ይተያዩ ነበር።

ዘመናዊው የሕግ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። የመጀመሪያው ዲን ከአሜሪካ የመጡት ጀምስ ፖል ነበሩ፤ ከመምህራኑም አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ገንዘቡም በብዛት ከአሜሪካ ነው የመጣው፤ የፎርድ ፋውንዴሽን እጅ አለበት። በዚያን ጊዜ አገሪቱ በአሥር ዓመት ውስጥ ሕጓን ሁሉ አዲስ አድርጋ ነበር። የወንጀለኛ መቅጫው በ1949፣ የፍትሐ ብሔሩና የንግዱ በ1952፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ በ1954 ዓ.ም. ወጡ። የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ፣ የወንጀለኛውን ስዊሳዊው ዣን ግራቨን ናቸው። ነገሩን አስቡት፤ በፈረንሳይኛ የተረቀቀን ሕግ፣ የአሜሪካ መምህር፣ በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛ ለሚፈርድ ዳኛ ያስተምራል! ትምህርት ቤቱ በዚህ ሁሉ መካከል ብዙ በጎ ሥራ ሠርቷል። የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔትን አውጥቷል፤ አባ ጳውሎስ ፃድዋ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱትን ፍትሐ ነገሥት እ.ኤ.አ. በ1968 አሳትሟል። ይህን መካድ አይቻልም።

ለእኛ አገር ልጅ ግን ደጁ በሁለት በኩል ጠበበ። አንደኛው ቋንቋው ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ፣ ማትሪክ፣ እንግሊዝኛን ሳያልፉ አይሆንም ነበር። በዚያ ዘመን ከቡሬ ገጠር የተነሣ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ብዙውን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ወርዶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ከአገር ቤት በሚላክለት ስንቅ ይኖራል። እንግሊዝኛ የሚሰማው በክፍል ውስጥ ብቻ ነው። አሥር ትውልድ ሳያዛንፍ የሚቆጥር ጭንቅላት «ዘ» እና «ኤ» የት እንደሚገቡ አምታቶ ይወድቃል።

ሁለተኛው የባሰ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3347፣ በግልጽ ካልተፈቀደ በቀር፣ ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን ልማድ ሁሉ ሽሯል። ስለዚህ አያቴ ያውቁት የነበረው ዕውቀት በአንድ መስመር ዕውቀት መሆኑ ቀረ። በተግባር ግን ምንም አልቀረም፤ በዳሞት ሰው በርስት መሟገቱን ቀጠለ። የተለወጠው ነገር ቢኖር ያን ዕውቀት ይዞ የሚመጣ ልጅ በሕግ ትምህርት ቤቱ ደጅ ባዶ እጁን እንደ መጣ መቆጠሩ ነው። የሚገርመው፣ የአሜሪካ መምህራን ያመጡት የማስተማሪያ ዘዴ ተማሪን አቁሞ በጥያቄ ማፋጠጥ ነበር። ከዳሞት አንድ ሽማግሌ አምጥተን በር ላይ ብናስቀምጣቸው «በላ ልበልሃ ነው እኮ!» ባሉ።

የዚህ መራራቅ ዋጋ ሩቅ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ጎጃም ሸፈተ፤ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞትም። ገበሬው የፈራው ግብሩን ብቻ አይደለም፤ መሬቱ ከተለካ ርስቱ የሚሄድ መስሎታል። ጦር ዘመተ፤ አውሮፕላን መንደር ደበደበ። በመጨረሻ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ግብሩም በታሰበው መንገድ ሳይሰበሰብ ቀረ። በዚያን ጊዜ የሕግ ፋኩልቲው ከተከፈተ አምስተኛ ዓመቱ ነበር። ፋኩልቲው ጦርነቱን ባስቀረው ነበር ማለት ቂልነት ነው። ነገር ግን አዋጁን ያወጣው ወገን ርስትን የማያውቅ፣ ርስትን የሚያውቀው ወገን አዋጁን የማያነብ ሆነው በተፋጠጡበት አገር፣ ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ማፍራት የማን ሥራ ነበር? እኛ ተማሪዎችም ነፃ አይደለንም። በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ታላላቆቻችን በልባቸው የነበረው የደቡቡ ጭሰኛ ነው፤ ያም ትክክል ነበር። የጎጃሙ ባለርስት ግን ከዚያ መፈክር ውስጥ የት እንደሚቆም ብዙም የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው ለእድገት በኅብረት ዘመተ፤ በየካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። በአዋጁ መሠረት የገበሬ ማኅበራት ፍርድ ሸንጎ አቋቁመው የመሬት ክርክር እንዲያዩ ሥልጣን ተሰጣቸው። በአንድ ጀምበር፣ የትኛውም የሕግ ትምህርት ቤት ያልመረጣቸው ሰዎች ዳኛ ሆኑ። አያቴም ከነዚያ አንዱ ነበሩ። ርስት የሚባለው ነገር ተሽሮ ሳለ፣ ርስት ስለሚያውቁ ነበር የተመረጡት። «መሬቱ የመንግሥት ቢሆንም ድንበሩ የሰው ነው» ይሉ ነበር። መጥፎ የፈረዱበትም ጊዜ እንዳለ አልደበቁኝም፤ ካድሬ ሲፈራ የተፈረደ ፍርድ ነበር፤ እሱን ሲያነሡ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር።

የደርግን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። ሕግ በዲግሪ የሚሰጠው ቦታ ያው ስድስት ኪሎ ነበር፤ መምረጥ የሚባል ነገር አልነበረም። በ1987 ዓ.ም. ግድም ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1990ዎቹ መቀሌ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ጎንደር፣ ሌሎችም ተከተሉ፤ በኋላ ለእኛ ቅርብ የሆነው ደብረ ማርቆስም ሕግ ማስተማር ያዘ። እንግዲህ ለፍኖተ ሰላም ልጅ በታሪክ የመጀመሪያ ጊዜ ሕግን በቀኝም በግራም፣ በአንድ ቀን አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚደርስበት ሆነ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አቃልለን አንየው። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቶቹ ሲበዙ ምርጫው የተማሪው ሳይሆን የምደባው ሆነ። ዩኒቨርሲቲውን ሚኒስቴሩ ይመድባል፤ የትምህርት ክፍሉን ነጥብ ይመድባል። በ2001 ዓ.ም. ሰባ በመቶው ወደ ሳይንስ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ የሚለው ፖሊሲ ሲመጣ ደግሞ በሠላሳው ውስጥ ሕግ የሁሉ ዓይን ያረፈበት ሆነ። ከ2003 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ የሕግ ተመራቂ የመውጫ ፈተና እንዲፈተን ተደረገ። ሌላው ትምህርት ክፍል ይህን ያየው በ2015 ነው። ልብ በሉ፤ መንግሥት ስለ ሕግ ተማሪ ጥራት ሲጨነቅ የጠበቀው መውጫውን ነው፤ መግቢያው ላይ ያው ቁጥር ቆሟል።

ያ ቁጥር ምን ያህል እንደ ጠበበ ሁላችንም እናውቃለን። የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ብቻ ነው፤ 3.3 በመቶ። በዓመቱ 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። እኔ የመጀመሪያው ዓመት ሰው ነኝ።

በአሜሪካ እንዴት ነው ብዬ አንብቤያለሁ። እዚያ ሕግ የሚማረው የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ኤልሳት የሚባል መግቢያ ፈተና አላቸው፤ አንብቦ የማመዛዘንና ክርክርን የመፈተሽ ችሎታ ነው የሚለካው። ከፈተናው ጋር የኮሌጅ ውጤቱ፣ አመልካቹ ስለ ራሱ የሚጽፈው ጽሑፍና መምህራኑ የሚሰጡት ምስክርነት ይታያል። ዲኖቹ ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ሰው እንፈልጋለን ይላሉ። መልካም፤ ግን ያም ደጅ ታሪክ አለው። ሂማን ስዌት የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በቀለሙ ምክንያት ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ተከለከለ። ግዛቲቱ ለጥቁሮች ለብቻ ሌላ ትምህርት ቤት ከፈትኩ አለች። እ.ኤ.አ. በ1950 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አይሆንም ብሎ ስዌት እንዲገባ ፈረደ። ለእኛ የሚጠቅመው የፍርዱ ምክንያት ነው። የሕግ ትምህርት ቤት በመጻሕፍትና በክፍል ብዛት ብቻ አይመዘንም፤ የመምህራኑ ስም፣ ከእሱ የወጡት ሰዎች፣ በማኅበረሰቡ ያለው ቦታ አለ፤ ሕግ ከሚነካቸው ሰዎችና ተቋማት ተነጥሎም ሕግ መማር አይቻልም አለ። ትምህርት ቤት ለመምረጥ ከዚህ የተሻለ መለኪያ እኔ አላገኘሁም። ስለ ሕንፃው ከመጠየቅ ስለ ችሎቱ መጠየቅ ይሻላል። ተማሪዎቹ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ተቀምጠው የባለጉዳይ እንባ ያያሉ ወይስ አያዩም? የወረዳ ፍርድ ቤት በር ላይ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ የሚጽፈውን አማርኛ፣ በእንግሊዝኛ የተማረው ተመራቂ መጻፍ ይችላል ወይ?

ታዲያ ዲኑ አመልካቹን ያነጋግር ልል ነው? እውነቱን ልናገር፤ ይህን ጽሑፍ ስጀምር እንደዚያ ልል ነበር። ከዶርም ጓደኞቼ አንዱ፣ ሕግ ከደረሳቸው ከሁለቱ አንዱ፣ ረቂቁን አንብቦ «ቃለ መጠይቅ ቢኖር ኖሮ እኔ አልገባም ነበር» አለኝ። የሚያውቀው ሰው የለውማ! ቁጥር ዕውር ነው፤ የማን ልጅ እንደሆንክ አያይም። ሰው ያያል። በርስት ሙግት ዋናው ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» ነበር፤ ያ ጥያቄ በዩኒቨርሲቲ ደጅ ቢጠየቅ ምን እንደሚመጣ ማናችንም አናጣውም። አያቴም ቢሆኑ ቅቤና ሙክት ተጭኖለት የዞረ ፍርድ ስንቱን ነግረውኛል። ስለዚህ ከቃለ መጠይቁ ተመልሼአለሁ። የቀረኝ ሐሳብ ትንሽ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና እየሰጠ ነው፤ እንግዲህ የራስን ፈተና ማውጣት ይቻላል ማለት ነው። የሕግ ትምህርት ቤቶችም ስም በማይታይበት ወረቀት ላይ፣ በአማርኛም ሆነ አመልካቹ በሚያውቀው የአገር ቋንቋ፣ አንድ የድንበር ክርክር ሰጥተው የሁለቱንም ወገን ነገር ጻፍ ቢሉስ? አንዱን ብቻ የጻፈ ይወድቃል።

ባለፈው የአክስቴ ልጅ ከቡሬ ደወለችልኝ። ሕግ መማር ትፈልጋለች። እሷ ናት ከቤተሰቡ የአያቴን ጆሮ የወረሰችው፤ ሰው ተጣልቶ ሲያወራ ዝም ብላ ሰምታ በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ፍኖተ ሰላም ራሷ በአየር ጥቃት ሰው ሞቶባታል። የልጅቱም ትምህርት ተቋርጦ እንደገና ተጀምሮ ዕድሜዋ ከክፍሏ ቀድሟል። እኔ ይህን ሁሉ ያነበብኩትን ይዤ ስለ ባሕር ዳር፣ ስለ ደብረ ማርቆስ፣ ስለ አዲስ አበባ፣ ስለ ነፃ ድጋፍ ማዕከልና ስለ መምህራን አንድ ሰዓት ያህል አብራራሁላት። ሰማችኝ። ስጨርስ «ወንድም ዓለም፣ ዘንድሮ ፈተናው እዚሁ ይደርሰናል ወይስ ሌላ አገር ሄደን ነው የምንፈተነው? መንገዱስ ክፍት ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ጠይቄ እደውልልሻለሁ አልኳት።